አርባ ደቂቃው ለማን ይታቀዳል?

እሑድ ማታ፣ ከፍኖተ ሰላም ወደ ማንኩሳ በሚወስደው መንገድ ገባ ብለው ካሉት መንደሮች በአንዷ፣ አንዲት የአራተኛ ክፍል መምህርት በተከራየቻት ክፍል ውስጥ ደብተር ዘርግታ በማስመሪያ መስመር ታሰምራለች። ሰዓት፣ ይዘት፣ የመምህር ተግባር፣ የተማሪ ተግባር፣ መርጃ መሣሪያ፣ ምዘና፤ ስድስት ዓምድ ነው። ከዓምዱ ራስጌ የትምህርት ቤቱ ስም፣ ክፍሉ፣ ርዕሱና ገጹ ይሰፍራል። ከግርጌው የፈራሚዎቹ ቦታ አለ። ሰኞ ጠዋት ሰልፍ ሳይጀመር ደብተሩ ምክትል ርዕሰ መምህሩ ጠረጴዛ ላይ መገኘት አለበት። በታችኞቹ ክፍሎች አንድ መምህር ሁሉንም ትምህርት ስለሚይዝ፣ በቀን አምስት ክፍለ ጊዜ ብቻ ቢታሰብ እንኳ የሳምንቱ ዕቅድ 25 ይሆናል። 25 ጊዜ መግቢያ፣ 25 ጊዜ አቀራረብ፣ 25 ጊዜ ማጠቃለያ። መብራት ከሄደ ሥራው በስልክ መብራት ይቀጥላል።

እንዲህ ሲሆን መምህር ምን እንደሚያደርግ ያስተማረ ሁሉ ያውቀዋል። የአምናው ደብተር ይወጣል፣ ቀኑ ይለወጣል፣ ቀሪው ይገለበጣል። ሌሰን ፕላኑ ይፈረምበታል፤ ፈራሚውም የሚያየው ዓምዱ መሙላቱን ነው። ከዚያ በኋላ ደብተሩ ቢሮ ወይም ቦርሳ ውስጥ ይውላል፣ መምህሩ ደግሞ መጽሐፉንና ጠመኔውን ይዞ ይገባል። ይህን ስንፍና ማለት ይቀናናል። እኔ ግን ስንፍና አልለውም። ሰው ማንም ለማያነበው ጽሑፍ አእምሮውን አያደክምም። ጥፋቱ ዕቅዱ የተጻፈለት ሰው ላይ ነው፤ የተጻፈው ለፈራሚው ነውና።

ስድስቱ ዓምድ ሲወለድ ግን ለቁጥጥር ተብሎ አልነበረም። አሜሪካዊው ራልፍ ታይለር እ.ኤ.አ. በ1949 ባሳተመው ትንሽ መጽሐፍ ያነሣው ጥያቄ ቀላል ነበር፦ ተማሪው ምን እንዲሆን ወይም ምን እንዲያደርግ ትፈልጋላችሁ? ያን እንዳገኘስ በምን ታውቃላችሁ? በ1956 ቤንጃሚን ብሉምና ባልደረቦቹ ዓላማዎችን ከማስታወስ እስከ መመዘን በደረጃ ከፈሏቸው። በ1962 ሮበርት ሜገር ዓላማ በሚታይ ድርጊት ካልተጻፈ ዋጋ የለውም ብሎ ተከራከረ። ዛሬ ከቡሬ እስከ ሞያሌ በየደብተሩ የሚገኘው «ከዚህ ትምህርት በኋላ ተማሪዎች … ይችላሉ» የሚለው ሐረግ የእነዚህ ሰዎች የልጅ ልጅ ነው። በጉዞው ላይ ግን አንድ ነገር ጠፋበት። የእኛ ደብተሮች በብዛት የሚጨርሱት «ይገነዘባሉ»፣ «ያውቃሉ»፣ «ይረዳሉ» እያሉ ነው። ሜገር አጥብቆ የሸሸው ይህንኑ ነበር፤ መገንዘብ ፊት ላይ አይነበብማ።

ወደ መምህርቷ ልመለስ። በዚያ ሳምንት የማክሰኞ ሒሳብ ርዕሷ ክፍልፋዮችን ማነጻጸር ነበር። ለፊርማ የሚቀርበውን ሠንጠረዥ እንደ ወትሮው ሞላች። ከዚያ በደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ፣ ማንም በማያይበት ቦታ፣ በእርሳስ ሦስት ነገር ጻፈች። የመጀመሪያው ጥያቄ ነው፦ ከአንድ አራተኛና ከአንድ ስምንተኛ የቱ ይበልጣል? ሁለተኛው ልጆቹ የሚሰጡት የተሳሳተ መልስ ነው፦ «አንድ ስምንተኛ፣ ምክንያቱም ስምንት ከአራት ይበልጣል።» ሦስተኛው አንዲት ቃል ብቻ ነች፦ ቃዳ።

የምዕራብ ጎጃም ገበሬ መሬቱን በቃዳ ይለካል። አንድ ቃዳ ሩብ ሄክታር ነው። አራት ቃዳ አንድ ሄክታር ይሞላል። ይህን የዘጠኝ ዓመት እረኛ ሳይቀር ያውቀዋል። አባቱ ሁለት ቃዳ በቆሎ፣ አንድ ቃዳ ዳጉሳ፣ ግማሽ ቃዳ በርበሬ ሲል እየሰማ ነው ያደገው።

ማክሰኞ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ሰላምታ ተለዋውጠው ልጆቹ እንደተቀመጡ ጥያቄውን ሰሌዳው ላይ ጻፈችው። ስለ ክፍልፋይ አንድም ቃል ሳትናገር መልሱን እያንዳንዱ በደብተሩ እንዲጽፍ አዘዘች። በየዴስኩ አራት አራት፣ አንዳንዱም ላይ አምስት ሆነው ተጣብቀው የተቀመጡት ልጆች ክንዳቸውን ጋርደው ጻፉ። እሷ በመደዳዎቹ መካከል እየተዘዋወረች አየች። አብዛኛው ስምንተኛን አክብቧል። እንደጠበቀችው ነው። ልክ ነው፣ ስሕተት ነው ሳትል ወደ ሰሌዳው ተመልሳ አንድ ሰፊ አራት ማዕዘን ሣለች።

«ይህ የአንድ አባወራ መሬት ነው። አንድ ሄክታር። አራት ልጆች አሉት፤ እኩል አካፈላቸው። ለእያንዳንዱ ስንት ደረሰው?»

«አንድ ቃዳ!» ክፍሉ በአንድ ድምፅ።

«ልጆቹ ስምንት ቢሆኑስ?»

ጫጫታው ቆመ። ከኋላ አንድ ልጅ «ግማሽ ቃዳ» አለ፣ ቀስ ብሎ፣ እንደ መጠራጠር እያለ። ከዚያ ወደ ደብተሩ አቀርቅሮ ያከበበውን ሰረዘ። ከአጠገቡ ያለችው ልጅ ግን አልተሸነፈችም፤ «ስምንት እኮ ትልቅ ነው» ስትል ተከራከረች። መምህርቷ ዝም አለች። ሁለቱ ልጆች ሦስት ዴስክ አስተባብረው ተጨቃጨቁ። የተካፋዩ ቁጥር ሲያድግ ድርሻው እንደሚያንስ፣ መሬቱ ባለበት ሆኖ ልጁ በበዛበት አገር፣ ለነዚህ ልጆች ማንም ማስረዳት አያስፈልገውም። ያልነበራቸው ነገር ያንን ዕውቀት ከመስመር በላይና ከመስመር በታች ከተጻፉት ቁጥሮች ጋር የሚያገናኝላቸው ሰው ነው።

ክፍለ ጊዜው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ሌላ ጥያቄ ሰጠች፦ ከአንድ ሦስተኛና ከአንድ አምስተኛ። ቃዳ የለም፣ ሥዕል የለም። ደብተራቸውን ዴስክ ላይ ክፍት አድርገው እንዲወጡ ነገረቻቸውና በእረፍት ሰዓት ዞራ ቆጠረች። ዘጠኝ ልጆች አሁንም አምስተኛን ይዘዋል። የዘጠኙን ስም በእርሳስ ጻፈች። የረቡዕ ዕቅድ ሥራው የተጀመረው እዚያ ላይ ነው።

ዓላማውም፣ አቀራረቡም፣ ምዘናውም በእርሳሱ ገጽ ላይ ነበሩ። ከሠንጠረዡ የሚለየው የተጻፈበት ቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ የታሰበው መጨረሻ ላይ የሚቀርበው ጥያቄ ነው፣ ቀጥሎ ልጁ ይዞ የሚመጣው ስሕተት፣ ከዚያ ያንን ስሕተት የሚነቀንቅ ከልጁ ቤት የመጣ ነገር። የተሳሳተውን መልስ አስቀድሞ የማይገምት ዕቅድ የመምህሩን ንግግር ያቀደ እንጂ የተማሪውን ትምህርት ያቀደ አይደለም። ልምድ ያለው መምህር ይህን ግምት በጭንቅላቱ ይዞት ይዞራል፤ የተቀጠረበት ወር ያላለፈው ግን አያውቀውም። በመምህራን ኮሌጅ ሠልጣኙ የማስተማር ልምምድ የሚጀምረው በጓደኞቹ ፊት ነው። ጓደኞቹ እንደ ሕፃን ቢቀመጡም ክፍልፋይ ያውቃሉ፤ አንድ ስምንተኛ ይበልጣል ብሎ የሚሞግት አይኖርም። እውነተኛውን ስሕተት የሚያየው ትምህርት ቤት ውስጥ ወደሚደረገው ልምምድ (ፕራክቲከም) ሲወጣ ነው። ፍኖተ ሰላም የራሷ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ ያላት ከተማ በመሆኗ በዙሪያዋ ባሉ ትምህርት ቤቶች ከኋላ ዴስክ ተቀምጦ የሚጽፍ እጩ መምህር ማየት የተለመደ ነው። እጩው መምህሩ የሚናገረውን ሳይሆን ልጆቹ የሚሳሳቱትን እየመዘገበ ቢመለስ ለዓመታት የሚያገለግል ስንቅ ይዞ ይመለስ ነበር።

አንድ ቃል ግን ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ ያፈርሰዋል። «ገባችሁ?» «አዎ!» ይህ ልውውጥ የማይሰማበት ክፍል አገራችን ውስጥ ያለ አይመስለኝም። ልጆቹ «አዎ» የሚሉት ስለገባቸው አይደለም፤ ጥያቄው የሰላምታ ያህል ስለሆነ ነው። «እንዴት አደራችሁ» ሲባል «ታመን አደርን» የሚል የለም። ሜሪ በድ ሮው የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የክፍል ውስጥ ንግግሮችን ቀርጻ ብትሰማ፣ መምህራን ጥያቄ ከጠየቁ በኋላ የሚጠብቁት በአማካይ አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ ሆኖ አገኘችው። ጥበቃው ወደ ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲረዝም መልሶቹ ረዘሙ፣ እጅ የማያወጡት ልጆች መናገር ጀመሩ፣ «አላውቅም» ቀነሰ። ስለዚህ ዝምታም ዕቅድ ውስጥ ይገባል። መምህርቷ «ስምንት እኮ ትልቅ ነው» ስትባል አፏን የዘጋችው መልስ አጥታ አልነበረም።

እንዲህ ያለ ዕቅድ ከውጭ የመጣ ብቻ እንዳይመስል ጎጃም ውስጥ አንድ ጥንታዊ ቦታ፣ የቤተ ክህነቱን ትምህርት ቤት፣ መመልከት ይበቃል። የኔታ ደብተር አይዙም፣ ዓምድ አያሰምሩም። ግን ፊደል ቆጣሪው ልጅ በስንደዶ እየጠቆመ እያንዳንዷን ሆሄ ሳይቆጥር ወደ ግዕዝ አይገባም፤ ግዕዙን ሳይወጣ ውርድ ንባብ የለም፤ ውርዱ ሳይቀና ቁም ንባብ የለም። ዳዊት የሚደረሰው ከዚያ በኋላ ነው። ዋሸራና ጎንጅ ስማቸው የሚጠራበት የቅኔ ትምህርትም እንዲሁ መሰላል ነው። ተማሪው በሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ሳይበስል ሦስት ቤት ያለውን ዘአምላኪየ አይሞክርም፤ ስምንት ቤቱ መወድስ ሩቅ ነው። መምህሩ ይዘርፋሉ፣ ተማሪው ይቆጥራል፣ ይታረማል፣ ነገ በሌላ ቅኔ ይመለሳል። ከፍ ያለው ተማሪ አስነጋሪ ሆኖ ታናናሾቹን ይይዛል። በዚህ ሥርዓት አንድ ልጅ የት እንዳለ የማይታወቅበት ጊዜ የለም። የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ያነበበ ሁሉ የማንኩሳውን በዛብህን ያስታውሳል። ሰብለ ወንጌልን ሊያስተምር ፊታውራሪ መሸሻ ቤት ሲገባ ይዞት የገባው ይህንኑ ስልት ነበር፤ ዕቅዱ ወዴት እንደወሰደው ሌላ ጨዋታ ነው።

ይህን የማነሣው ለማሞካሸት አይደለም። አኩፋዳ ይዞ ለምኖ መማር፣ ኩርኩምና አለንጋ፣ መንገድ ላይ የቀሩት ብዙ ልጆች፣ «ለምን?» ብሎ መጠየቅ እንደ ድፍረት መቆጠሩ የዚያው ሥርዓት ክፍል ናቸው። ሆኖም ዘመናዊው ትምህርት ቤት ከየኔታ የወረሰው ኩርኩሙን ሆኖ የተወው ደግሞ ልጁ የት እንደደረሰ የማወቅ ልማዱን መሆኑ ያሳዝናል። ግንቦትና ሰኔ 2002 ዓ.ም. ላይ በተለያዩ ክልሎች ከ13,000 በላይ የሁለተኛና የሦስተኛ ክፍል ልጆች አንድ በአንድ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲያነቡ ተደርጎ ነበር። ከሁለተኛ ክፍሎቹ 34 በመቶው ለደረጃቸው ከተዘጋጀው አጭር ታሪክ አንድ ቃል እንኳ በትክክል ማንበብ አልቻሉም። እነዚህ ልጆች ሁለት ዓመት ሙሉ ዕቅድ ተፈርሞላቸዋል። ከዚያ ውጤት በኋላ የአፍ መፍቻ ቋንቋ መጻሕፍት እንደገና ተዘጋጁ፤ የመምህሩ መምሪያም እያንዳንዱን ቀን ደረጃ በደረጃ የሚመራ ሆነ። ለጀማሪ መምህር ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። መምሪያው ግን ከዘጠኙ ልጆች የአንዱንም ስም አያውቅም።

ልጆቹ ቡሬ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲደርሱ ችግሩ መልኩን ይለውጣል። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ የማስተማሪያ ቋንቋው እንግሊዝኛ ነው፤ ዕቅዱም የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። ማብራሪያው ግን በአብዛኛው በአማርኛ ይሰጣል፣ ማስታወሻው በእንግሊዝኛ ይገለበጣል፣ ፈተናው በእንግሊዝኛ ይመጣል። የፊዚክስ መምህሩ ስለ ሰበቃ ኃይል ሲያስረዳ የሞፈርና የቀንበር ምሳሌ ቢያመጣ ሁሉም ይስቃል፣ ሁሉም ይረዳል። ጥያቄው በወረቀት ሲመጣ ግን ያው ልጅ የጥያቄውን ዐረፍተ ነገር መፍታት ያቅተዋል። በሁለተኛ ደረጃ ደብተሮች ውስጥ «ዛሬ ተማሪው የትኞቹን አምስት የእንግሊዝኛ ቃላት ይዞ ይወጣል?» የሚል ዓምድ የለም። ቢኖር ከስድስቱ አንዱን በደስታ እለቅለት ነበር።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ፍጹም የታቀደ መስሎ የታየበት ጊዜም ነበር። በ1997 ዓ.ም. የፕላዝማ ቴሌቪዥን ትምህርት ሲገባ እያንዳንዱ ክፍለ ጊዜ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ተዘጋጅቶ በሳተላይት ይደርስ ጀመር። ሥዕሉ ጥሩ፣ ሙከራው የሚያምር፣ እንግሊዝኛው ፈጣን ነበር። መግቢያ፣ ማብራሪያ፣ መልመጃ፣ ሁሉም በሰከንድ ተለክቷል። የስክሪኑ መምህር «አሁን ሥሩት» ይላል፤ ልጁ ጥያቄውን ገልብጦ ሳይጨርስ መልሱ ይመጣል። የክፍሉ መምህር ከፊትና ከኋላ በተረፉት ጥቂት ደቂቃዎች የሮጠውን ለመያዝ ይሞክራል። መብራት የጠፋ ቀን ትምህርቱ አልፎ ይሄዳል፤ ነገ ወደ ኋላ አይመለስም። በአገራችን ከፊቱ ማን እንደተቀመጠ የማያውቅ ዕቅድ ምን እንደሚሆን ከዚህ የተሻለ ማሳያ ያለ አይመስለኝም። መምህሩን ያስናቀው ዕውቀት ማነሱ አልነበረም፤ ክፍሉን አይቶ ዕቅዱን የመለወጥ ሥልጣኑ መነጠቁ ነው።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ቅጥር ግቢ መሰጠት በጀመረበት በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ ብቻ ሆኑ። ይህን ሁሉ በሌሰን ፕላን ላይ መጫን አይቻልም። ጦርነት አለ፣ ኮቪድ አለ፣ የመጻሕፍት እጥረት አለ፣ ወር ሳይሞላ የሚያልቅ ደመወዝ አለ። ግን ተማሪው ሳያውቅ ያለፈበት እያንዳንዱ የአርባ ደቂቃ ክፍለ ጊዜ በቀጣዩ ላይ እየተደመረ ነው እዚያ የደረሰው።

ስለ ዕለቱ ዕቅድ ይህን ያህል ካልኩ ስለ ዓመታዊው አጭር ነገር ልበል። እሱ በመስከረም ይጻፋል፤ ምዕራፎቹ በሳምንታት ይከፋፈላሉ፤ ሳምንቶቹ ሁሉ እኩል ይመስላሉ። በምዕራብ ጎጃም ግን ሳምንት ሁሉ እኩል አይደለም። በጥቅምትና በኅዳር በርበሬ ይለቀማል፣ ዳጉሳና ጤፍ ይታጨዳል፤ ትልልቆቹ ልጆች ማሳ ላይ ናቸው። ክረምቱ ካለፈ በኋላ በቆላማው ቀበሌ ወባ ይበረታል፤ አንድ ልጅ ተኝቶ ሲነሣ ሳምንቱ አልፏል። ይህን የሚያውቅ መምህር ከባዱን ምዕራፍ ጥቅምት ላይ አይጥለውም። ሊለማመዱት የሚገባ ነገር እዚያ ያኖራል፤ አዲሱን ሐሳብ ምርቱ ከገባ በኋላ ይጀምራል።

ብቻውን የሚያቅድ መምህር ቶሎ ይደክማል። በጃፓን መምህራን አንዲት ክፍለ ጊዜ ለብዙ ሳምንታት አብረው ያቅዳሉ፤ አንዱ ያስተምራል፣ ሌሎቹ ግድግዳ ተደግፈው መምህሩን ሳይሆን ልጆቹን ይመለከታሉ። ከዚያ ቁጭ ብለው የትኛው ጥያቄ የት ላይ እንደተሰናከለ ይነጋገራሉ። የሰሌዳው አጠቃቀም ሳይቀር ይታቀዳል። ትምህርቱ ሲያልቅ የሰዓቱ ሐሳብ ከግራ ወደ ቀኝ ሳይሰረዝ እንዲነበብ ይፈለጋል። ለዚህ ፕሮጀክተር አያስፈልግም፤ ሰሌዳና ጠመኔ ይበቃል፣ ጠመኔው በቁጥር የሚታደልበት ትምህርት ቤትም ቢሆን። እኛም ዘንድ አካሉ አለ። አጎራባች ትምህርት ቤቶች በጉድኝት ተሳስረዋል፤ ሱፐርቫይዘር ተመድቧል፤ ተከታታይ ሙያዊ ማሻሻያ የሚባል የጊዜ ሰሌዳ አለ። ስብሰባው ብዙ ጊዜ የሚያልቀው በሪፖርትና በአጀንዳ ነው። በወር አንድ ጊዜ አንዲት የሒሳብ ወይም የአማርኛ ክፍለ ጊዜ ብቻ አጀንዳ ብትሆን፣ የሃያ ዓመት መምህር በጭንቅላቱ የያዘው የስሕተት ዝርዝር ለጀማሪው በአንድ ዓመት ይደርሰው ነበር። ሱፐርቫይዘሩም ሞልቷል አልሞላም ብሎ ከመፈረም «ትናንት ስንቱ አልገባቸውም?» ብሎ ቢጠይቅ ደብተሩ በራሱ ጊዜ ይለወጥ ነበር።

ሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ ይህ ሁሉ ሌላ ትርጉም ይዟል። በግጭቱ ምክንያት በክልሉ በሺዎች የሚቆጠሩ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው፣ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ውጭ ሆነው ከርመዋል። በሩ ሲከፈት ወደ አምስተኛ ክፍል የሚገባው ልጅ በዕድሜ የሰባተኛ፣ በንባብ የሁለተኛ ሊሆን ይችላል። አጠገቡ የተቀመጠችው ደግሞ ቤት ውስጥ በታላቅ እህቷ መጽሐፍ ስታነብ የቆየች ናት። ለሁለቱም የሚሆን ሠንጠረዥ ማንም አስምሮ አልሰጠም። በዚህ ላይ ዓመታዊው ዕቅድ ይዘቱ ሁሉ «እንዲሸፈን» ይጠይቃል። ሽፋን የሚባለው ነገር መጽሐፉ መገለጡን እንጂ ልጁ ማወቁን አይለካም።

ከዓባይ ማዶ የማውቃቸው አንድ አንጋፋ የአምስተኛ ክፍል ሒሳብ መምህር፣ ትምህርት ቤታቸው ተዘግቶ በተከፈተበት ዓመት የመጀመሪያውን ሳምንት ምንም አዲስ ነገር አላስተማሩም። ከአንደኛ እስከ አራተኛ ክፍል ካሉት መጻሕፍት አሥራ ሁለት ጥያቄ መረጡ፤ ልጆቹ በግማሽ ልሙጥ ወረቀት ሠሩላቸው። ስም እንዲጽፉ እንጂ ማርክ እንደሌለው ነገሯቸው። ወረቀቶቹን ቤት ወስደው በሦስት ክምር ለዩ። ትልቁ ክምር ማባዛት ላይ የቆመው ሆነ። የሚችሉት ልጆች በየዴስኩ ተበተኑ፤ አስነጋሪ ብለው ሰየሟቸው፤ ልጆቹም ስሙን ወደዱት። በዓመታዊው ዕቅድ የመጀመሪያዎቹ አሥር ሳምንታት ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ክለሳ» ብለው ጻፉና ለርዕሰ መምህሩ ወሰዱ። ርዕሰ መምህሩ ወረዳው ቢጠይቅ ምን እመልሳለሁ ብለው አቅማሙ። መምህሩ ሦስቱን ክምር ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡላቸው። ተፈረመ። የአምስተኛ ክፍል ሒሳብ መጽሐፍ እስከ ታኅሣሥ አልተገለጠም።